ያለ ማገዶ የሚዞር መኪና፤ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ አባ ሳሙኤል

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ የሚወርድ መንገደኛ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ወደ ታች የሚመለከትበት ምክንያት እምብዛም የለውም። ወንዙ በበጋ ቀጭንና ጥቁር ነው፤ ሽታውም አላፊውን ያጣድፈዋል እንጂ አያስቆመውም። በክረምት ግን ከእንጦጦ ተራራ የሚወርደው ደራሽ ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ፣ ያንን ሁሉ ድንጋይ የሚገፋው ጉልበት ከየት እንደተገኘ መጠየቅ ለመሐንዲስ የተገባ ነው። ድልድዩ ስማቸውን የያዘላቸው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑ፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉ፣ በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በፍርድ አዋቂነታቸውም ስማቸው የሚነሣ ሰው ነበሩ። ከዚህ በታች የምተርከው ነገር ዳኝነት የሚጠይቅ ስለነበረ፣ በእሳቸው ድልድይ አጠገብ መሆኑን አሁንም ድረስ እንደ መልካም አጋጣሚ እቆጥረዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ ወደሚገኝ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ይዞኝ ሄደ። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ በርና መስኮት፣ የወፍጮ ክፍልና የጋሪ አክሰል ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። በሥራ ቤቱ ጓዳ ሸራ ገለጥ አድርገው አንድ መኪና አሳዩኝ። ባትሪ ኢንቨርተሩን ይመግባል፤ ኢንቨርተሩ ሞተር ያዞራል፤ ሞተሩ በቺንጋና በፑሌጃ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ቮላኖ ያሽከረክራል፤ ቮላኖው ደግሞ ዲናሞ ይነዳል፤ ከዲናሞው የሚወጣው ኤሌክትሪክ አምስት አምፖሎች አብርቶ ትርፉ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። «ይኸውልህ ልጄ፣ አንዴ ከተነሣ በኋላ ራሱን ይችላል። ናፍጣ አይል፣ ውሃ አይል፣ ፀሐይ አይል» አሉኝ። ከዚያም አንድ የተተየበ ደብዳቤ አወጡ። መኪናው ተመርምሮ ትክክለኛነቱ መረጋገጡን የሚገልጽ ነው፤ ከግርጌው የመሐንዲስ ስም፣ ፊርማና ማኅተም ብቻ ይቀረዋል።

ደብዳቤው ለምን እንደተፈለገ ስጠይቅ ነገሩ ከሳይንስ ክርክር ያለፈ መሆኑን ተረዳሁ። የእኅታቸው ልጅ የእቁብ ዕጣውን ለዚህ ሥራ ሊያውል ነው፤ ሁለት ዘመዶች ደግሞ ከቤት ሽያጭ የቀራቸውን ገንዘብ ሊጨምሩበት ፊርማዬን ብቻ ይጠብቃሉ። የማኅበራችን አባላት አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቀርቦላቸው እንደሚያውቅ እገምታለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ «ሥራ ይበዛብኛል» ብሎ ይሸሻል። ሁለቱም ለባለ መኪናው ምንም አያስተምሩትም። ስለዚህ «ጋሼ፣ ፊርማዬን ከመጠየቅዎ በፊት መለኪያዬን ይዤ ልመለስ» ብያቸው ወጣሁ።

ያለ ማገዶ የሚዞር መኪና ምኞት እጅግ ጥንታዊ ነው። ሕንዳዊው የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ብሃስካራ እ.ኤ.አ. በ1150 ገደማ፣ በዘንጎቹ ውስጥ ባዜቃ የተጨመረበትና በክብደቱ መዛባት ራሱን እያዞረ የሚኖር መንኰራኵር ገልጿል። ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈረንሳዊው ቪላር ደ ኦንኩር በመዶሻዎች ክብደት የሚዞር ተመሳሳይ መንኰራኵር ነደፈ። እንግሊዛዊው ሮበርት ፍለድ በ1618 የጻፈው ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ የሚገባ ነው፤ ውሃ ከላይኛው ገንዳ ወርዶ ወፍጮ ያዞራል፣ ወፍጮው እህል እየፈጨ በዚያው ጉልበት ውሃውን ወደ ላይኛው ገንዳ ይመልሳል። ወንዝ አያስፈልግም፤ ክረምትም አይጠበቅም። የውሃ ወፍጮ ያየ ሁሉ የሚመኘው ነገር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ዓለምን ያነጋገረው ኦርፊሬዎስ በሚል ስም ራሱን የጠራው ጀርመናዊ ዮሐን ቤስለር ነው። በ1717 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በካሰል አቅራቢያ በሚገኝ ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ ግዙፍ መንኰራኵር አቆመ። የአገሩ ገዥ መስፍን ካርል ክፍሉን አዘግቶ በማኅተም አሸገው፤ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተከፍቶ ሲታይ መንኰራኵሩ እንደ ዞረ ነበር። የሆላንዱ ሊቅ ስግራቨሳንዴ በ1721 መርምሮት ተደነቀ፤ ለኒውተንም ጻፈለት። ነገር ግን ሊቁ ውስጡን ለማየት አልተፈቀደለትም። ቤስለር ምስጢሬ ሊሰረቅ ነው ብሎ መንኰራኵሩን በገዛ እጁ ሰባበረው። ከዓመታት በኋላ የቤቱ ሠራተኛ መንኰራኵሩ ከጎረቤት ክፍል በሰው እጅ ይዞር እንደነበር መሰከረች። ምስክርነቷ እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የምይዘው አንድ ነጥብ ነው። የታሸገ በር የሚነግረን ማንም እንዳልገባ ብቻ ነው፤ የገባውንና የወጣውን ጉልበት የሚነግረን መለኪያ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ መለኪያው ገና አልተፈጠረም ነበር።

አሜሪካዊው ሬድሄፈር ግን ዕድሉ አልቀናም። በ1812 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያ፣ ከዚያም በኒውዮርክ መኪናውን እያሳየ ገንዘብ ሲሰበስብ፣ የእንፋሎት መርከብ መሐንዲሱ ሮበርት ፉልተን አጠገቡ ቆሞ ድምፁን አደመጠ። የሚዞርበት ፍጥነት አንድ ወጥ አልነበረም፤ ሰው እጀታ ሲያዞር እንደሚሆነው ከፍ ዝቅ ይላል። ፉልተን ከግድግዳው ጋር የተያያዙትን ጣውላዎች ሲነቅል የጅማት ገመድ ብቅ አለ፤ ገመዱን ተከትሎ ሰገነት ላይ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ እጀታ ያዞራል። የእኛው ሽማግሌ ግን ከሬድሄፈር ጋር በአንድ ዘንቢል የሚገቡ ሰው አይደሉም። ማንንም አላታለሉም፤ ይልቁንም ከሁሉ በፊት የገዛ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው። ከአታላዮቹ ይልቅ ቅኖቹ ይበዛሉ፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1775 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ መኪናዎችን ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ ሲወስን ከሰጠው ምክንያት አንዱ፣ ይህ ምኞት ብዙ ቤተሰብ ማራቆቱና ለአገር ሊጠቅሙ የሚችሉ ባለሙያዎች ሀብታቸውን፣ ጊዜያቸውንና ችሎታቸውን የጨረሱበት መሆኑ ነው። ከድልድዩ አጠገብ ያለውን ሥራ ቤት ያየ ሁሉ ይህን ውሳኔ ጭካኔ ነው ለማለት አይደፍርም።

ለምን አይቻልም? በዚህ ላይ የቋንቋችንን ድርሻ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በዕለት ንግግራችን «ኃይል» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል፤ የሚገፋውን፣ የሚሠራውንና ሥራው የሚፋጠንበትን መጠን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገፋውን ኃይል፣ የሚሠራውን ጉልበት፣ ጉልበት በሰኮንድ የሚወጣበትን መጠን ደግሞ አቅም እላለሁ። ሽማግሌው ቮላኖውን በእጄ እንዳቆመው ጋብዘውኝ ነበር። «ሞክረው እስቲ፤ ኃይሉ ስንት እንደሆነ ታያለህ» አሉኝ። በእርግጥ ሊያቆሙት ቢሞክሩ እጅ ይቆርጣል። ነገር ግን እጅ የሚቆርጥ ኃይልና አምፖል የሚያበራ ጉልበት የተለያዩ ናቸው። ባለ ሰማንያ ኪሎው ቮላኖ ስፋቱ ሰባ ሳንቲሜትር ነው፤ በደቂቃ ዘጠኝ መቶ ጊዜ ሲዞር በውስጡ ያለው ጉልበት 22,000 ጁል ያህል ነው። ይህም አንድ ኩንታል ጤፍ 22 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። አምስቱ አምፖሎች በጠቅላላ 100 ዋት ስለሚወስዱ፣ ቮላኖው ያለውን ሁሉ ቢሰጣቸው እንኳ አራት ደቂቃ አይሞላም። ቮላኖ ጎተራ ነው፤ እርሻ አይደለም። ከጎተራ የሚወጣው የገባው ነው፤ ያውም ነቀዙ ከበላው የተረፈው።

ይህንን እውነት በመጀመሪያ በግልጽ የተጠቀመበት የፍላንደሩ መሐንዲስ ሲሞን ስቴቪን ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በ1586 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንዱ ጎኑ ረጅምና ጋደም ያለ፣ ሌላው አጭርና ቀጥ ያለ በሆነ ሦስት ማዕዘን ላይ አሥራ አራት እኩል እንክብሎች የታሰሩበትን የክብ ሰንሰለት አሰበ። በረጅሙ ጎን ብዙ እንክብሎች ስላሉ ሰንሰለቱ ወደዚያ ይንሸራተታል የሚል ካለ፣ ከተንሸራተተ በኋላ አቀማመጡ እንደ በፊቱ ስለሆነ እንደገና ሊንሸራተት፣ ለዘላለምም ሊዞር ነው። ይህ ግን የማይሆን ነገር ነው አለ ስቴቪን፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ ባለበት ይቆማል። ከዚህም በመነሣት በተዳፋት ላይ ያለ ክብደት እንዴት እንደሚመዘን ሕጉን አወጣ። አለመቻሉን እንደ መሣሪያ ያዘው። ሳዲ ካርኖም በ1824 እ.ኤ.አ. ስለ እሳት መኪና ሲጽፍ፣ ከወሰን ያለፈ ሥራ የሚሰጥ መኪና ቢኖር ዘላለማዊ እንቅስቃሴ በተገኘ ነበር፤ ያ ግን አይሆንም ብሎ ተከራከረ። እኛ በዩኒቨርሲቲ የተማርነው ትምህርት ግማሹ በዚህ «አይሆንም» ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

ቀሪውን በአጭሩ ላልፈው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ማየር በ1842፣ የእንግሊዙ የጠላ ጠማቂ ልጅ ጄምስ ጁል ከ1843 ጀምሮ፣ ሄልምሆልትዝም በ1847 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ወደ አንድ ሕግ ደረሱ፤ ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋምም። የጁል ሙከራ ያለ ብዙ ወጪ የሚታይ ነው፤ የሚወርድ ክብደት በውሃ ውስጥ መቅዘፊያ ያዞራል፣ ውሃውም በጥቂቱ ይሞቃል። በዛሬው ልክ ስናሰላው፣ ከ427 ሜትር ከፍታ የወረደ ውሃ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ይሞቃል። ከመኪና የሚጠፋው ጉልበት በዓይን የማይታየው ለዚህ ነው። የሽማግሌው ኩሽኔታዎችና ቺንጋ ለብ ማለታቸውን በእጄ ዳስሼ ነበር፤ የጠፋው ጉልበት እዚያ ነበረ፤ ግን ለብታን ማን እንደ ኪሣራ ይቆጥራል? ያንን ለብታ ሰብስቦ መልሶ ለመጠቀም የሚያስቡ ደግሞ ከሁለተኛው ሕግ ጋር ይጋጫሉ፤ ሙቀት ሥራ የሚሠራው ከሞቀ ወደ ቀዘቀዘ ሲያልፍ ብቻ ነው። በአሉቶ ላንጋኖ ከምድር የሚወጣው እንፋሎት ተርባይን ያዞረው ከላይ የሚቀበለው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ ይህንን ሕግ በመጽሐፍ ከመማሯ በፊት በኑሮ ተምራዋለች። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ፤ እጥረቱ እጅግ ስለበረታ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩአት ነገሮች ዋናው የባሕር ዛፍ ነው። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት መኪና ለአገሩ ተአምር ነበር፤ ግን ያም ተአምር እሳት ካልነደደለትና ውሃ ካልተቀዳለት ስንዝር አይራመድም። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ለአንድ እንጀራ የሚፈጀውን ጉልበት በወገባቸው ያውቁታል። ጉልበት በነጻ ይገኛል ብሎ ለእነርሱ መስበክ የሚደፍር ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ወንዙ ልመለስ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች የሚያልፈው ውሃ ከሌሎቹ የከተማዋ ወንዞች ጋር ተደባልቆ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። የአባ ሳሙኤል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1932 ተጀምሮ ኢጣሊያ አገሩን በያዘበት ጊዜ የተጠናቀቀ ሲሆን ወደ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላም በቻይና እርዳታ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ተነሥቷል። ከድልድዩ እስከ ግድቡ ያለውን የከፍታ ልዩነት 350 ሜትር ያህል ብንወስድ፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በመንገዱ ሁሉ የሚሰጠው ጉልበት ቢበዛ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ይህም አንዲት የኤሌክትሪክ ምጣድ በደንብ እንኳ የማታገለግለው ነው። አብዛኛውም ከድንጋይ ጋር ሲላተም በመንገድ ይቀራል። ያንኑ ውሃ ከግድቡ ወደ ድልድዩ ለመመለስ ደግሞ ቢያንስ የዚያኑ ያህል መክፈል ግድ ነው፤ ፓምፑና ቧንቧው የሚበሉትን ሳንቆጥር። ሮበርት ፍለድ የሳተው ይህን ነው። ውሃውን ወደ እንጦጦ በነጻ የሚመልሰው ማን ነው የተባለ እንደሆነ ፀሐይ ናት፤ እሷም ብትሆን የራሷን እየከፈለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የተተከለበት ቢሆን ያው ነው፤ ተርባይኖቹ የሚያጭዱት ፀሐይ በክረምት ደመና የዘራችውን ነው።

ወደ ሥራ ቤቱ በቀጠሮዬ ስመለስ የአምፔርና የቮልት መለኪያ ይዤ ነበር። ከባትሪው የሚወጣው 780 ዋት ሆነ። በኢንቨርተሩ፣ በሞተሩ፣ በቺንጋውና በዲናሞው አልፎ የሚወጣው ግን 365 ዋት ነበር። ከዚህ አምፖሎቹ 100 ሲወስዱ ቀሪው ወደ ባትሪ መሙያው ይሄዳል፤ ባትሪው ውስጥ የሚገባው 210 ያህል ነው። 780 ወጥቶ 210 ይገባል። ሽማግሌው ቁጥሩን አይተው አልተረበሹም። «መለኪያ ይሳሳታል» አሉ። ልክ ናቸው፤ መለኪያ ይሳሳታል። ስለዚህ ቁጥር የማይፈልግ ፈተና አቀረብኩ። ባትሪው 12 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን በደንብ ሞልተነው መኪናውን ከረፋዱ 4 ሰዓት እናስነሣ፤ ከዚያ እስኪቆም ማንም አይንካው። በሁለተኛው ቀን እንደገና ሞልተን፣ ሞተሩንና ቮላኖውን ትተን፣ አምስቱን አምፖሎች ብቻ በዚያው ኢንቨርተር በቀጥታ ከባትሪው እናብራ። መኪናው ጉልበት የሚጨምር ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አምፖሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ሊበሩ ይገባል።

እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናው ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቋረጥ ሠርቶ አያውቅም ነበር። ማታ ማታ ባትሪው ከመንገድ መብራት ኃይል መስመር እንደሚሞላ ሲነግሩኝ ምንም አልደበቁም፤ «እንዳይደክም ትንሽ ልርዳው ብዬ ነው» አሉ። ያቺ «ትንሽ እርዳታ» የመኪናው ማገዶ መሆኗ ታይቷቸው አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን መኪናው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁ እየሰለለ ቆመ። ቮላኖው ለጥቂት ጊዜ በራሱ ዞረና እሱም ዝም አለ። የእኅታቸው ልጅ ኩሽኔታ ቢቀየር የሚል አሳብ አቀረበ፤ ማንም አልመለሰለትም። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት አምፖሎቹን በቀጥታ አበራናቸው። 7 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ በሩ። መሸ፤ በሩ። ዘበኛው ጠዋት እንደነገረን የጠፉት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ነው። አምስቱን አምፖሎች 17 ሰዓት ያበራ የነበረው ባትሪ፣ ያ ሁሉ ብረት ሲጨመርለት ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ አበራ። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ቮላኖውን በመዳፋቸው ደባበሱትና «እንግዲያስ የሚበላው ይኸ ነዋ» አሉ። በዚያ ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ይህቺ ንግግራቸው የተሻለች ነበረች።

ደብዳቤው ሳይፈረም ቀረ። የእቁቡ ዕጣ ለመኪናው አልዋለም። የቤት ሽያጩ ገንዘብ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ቮላኖውን ግን አልጣሉትም። ጎተራነቱን ከተረዱ በኋላ በትንሽ ሞተር ቀስ ብሎ እየተሞላ ያጠራቀመውን ባንድ ምት የሚሰጥ የላሜራ መብሻ ሠሩበት፤ ቀድሞ ሁለት ሰው በመዶሻ ይሠራው የነበረውን ዛሬ አንድ ልጅ ይሠራዋል። የብረታ ብረት ባለሙያ ለሆነ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቮላኖ በመብሻ መኪና ላይ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው።

ባለፈው ዓመት ስልክ ደወሉልኝ። ከሰላምታና ከቤተሰብ ጤንነት በኋላ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ማግኔትስ እንዴት ነው? ማግኔት እኮ ባትሪ አይፈልግም» አሉኝ። ማግኔት ሲስብ የሰጠውን ሲለያዩት መልሶ እንደሚጠይቅ በስልክ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ቃሉ አልተሳካልኝም። ከፋሲካ በኋላ ሥራ ቤታቸው ሄጄ ሁለት ማግኔትና አንድ የሚዛን ሽቦ ይዘን ልናየው ተቀጣጥረን ነበር፤ እሳቸውም ከመምጣቴ በፊት ምንም ላይገዙ ቃል ገቡልኝ።